ሴባስቶፖልን ሳይጎትቱ
የፋብሪካ አእምሮ ከብረቱ ተለይቶ ስለሚኖርበት ጥበብ

በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ፥ ከሠራዊቱና ከጓዙ ሁሉ ይልቅ መንገዱን ያከበደባቸው አንድ ብረት ነበር። ይህም በጋፋት መንደር ዋልድማየርና ጓደኞቹ የአውሮፓ ሰዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው ያፈሰሱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። በሠረገላ ተጭኖ፥ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው፥ ገደሉ እየተናደለት፥ በጋይንት በኩል አልፎ፥ ደብረ ዘቢጥንና ቤተ ሖርን ተሻግሮ፥ የጅዳን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነው። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን ሲሞቱ ብረቱ ከአምባው ላይ ቀረ፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል።

በዚያው በጋይንት ምድር ግን ከሴባስቶፖል በፊትም በኋላም ሌላ ዕቃ ሲጓዝ ኖሯል። የቤተልሔም ደብር የድጓ ማስመስከሪያ መሆኑን የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም። ተማሪው ከጎጃምም ከወሎም ከትግሬም አኩፋዳውን አንግቶ ይመጣል፤ ዓመታት ይቀመጣል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያስመሰክራል፤ ከዚያም ወደ መጣበት ይመለሳል። ሲመለስ የቤተልሔምን ድንጋይ ተሸክሞ አይሄድም። ድጓውን ግን ይዞ ይሄዳል። ብራናው ቢቃጠል እንኳ መሪጌታው በሕይወት እስካለ ድረስ ድጓው አልጠፋም፤ አዲስ ብራና ፍቆ ያንኑ ዜማ ከነምልክቱ ይጽፈዋል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎቻችንና የኃይል ማመንጫዎቻችን አእምሮ እንደ ሴባስቶፖል ነውን፥ ወይስ እንደ ድጓ?

የፋብሪካ አእምሮ ምንድን ነው?

በሰዴ ሙጃ ወይም በእስቴ አንድ የወፍጮ ቤት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። በወፍጮ ቤት አእምሮው ባለ ወፍጮው ራሱ ነው። ድንጋዩ ሲግል በእጁ ይዳስሳል፤ ሞተሩ ሲያቃስት በጆሮው ይሰማል፤ የማን እህል ቀድሞ እንደ መጣ በልቡ ይይዛል። ፋብሪካ ሲሰፋ ግን አንድ ሰው ይህን ሁሉ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ሥራው በደረጃ ተከፋፈለ።

ከታች ሙቀትን፥ ግፊትንና ፍጥነትን የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ከእነርሱ በላይ ፒ.ኤል.ሲ. የተባለች ትንሽ ኮምፒዩተር ተቀምጣ በሴኮንድ ሺህኛ ክፍል ውስጥ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ «ይህ በር ይዘጋ፥ ያ ሞተር ይቁም» ትላለች። የዚህች መሣሪያ የመጀመሪያይቱ በአሜሪካ አገር የተሠራችው ከ1968 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። ከፒ.ኤል.ሲ.ዋ በላይ ደግሞ የፋብሪካውን ሁኔታ በሥዕል የሚያሳየው፥ ያለፈውን የሚመዘግበው፥ የመለዋወጫውን መጋዘንና የጥገናውን ተራ የሚቆጣጠረው ፕሮግራም አለ። ስካዳ ተብሎ የሚጠራውና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የፋብሪካ አስተዳደር ፕሮግራም ይህ ነው። ተቆጣጣሪው ሠራተኛ ፋብሪካውን የሚያየው በዚህ መስኮት ነው። መስኮቱ ከተዘጋ ፋብሪካው ቢሠራም የሚያየው የለም።

ይህ ፕሮግራም የሚኖረው በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ነገሩ የሚከፋውም ከዚህ ላይ ነው። የፋብሪካ ብረት ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለግላል፤ ኮምፒዩተር ግን ከአሥር ዓመት እምብዛም አያልፍም። ለምሳሌ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት በ2001 እ.ኤ.አ. ወጥቶ፥ ሠሪው ኩባንያ ከሚያዝያ 8 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደማይጠግነው አስታወቀ። ፋብሪካው ግን ገና ጎልማሳ ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ቢገዛ አሮጌው ፕሮግራም አይቀመጥበትም፤ አዲስ ፕሮግራም ቢገዛ ደግሞ የውጭ ምንዛሬ ያስፈልጋል።

«አትንኩት»

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለሥራ ልምምድ ወደ አንድ ፋብሪካ ተልኬ ነበር። በመቆጣጠሪያው ክፍል ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ከላዩ በወረቀት ላይ በቀይ ቀለም «አትንኩት» ተብሎ ተጽፏል። የክፍሉ ኃላፊ የእስቴ ሰው ነበሩ፤ የጋይንት ልጅ መሆኔን ሲሰሙ በጣም ቀረቡኝ።

«ጋሼ፥ ይህ ለምን ተሸፈነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ እርሱ ከሞተ እኛም ሞተናል» አሉኝ። «ፕሮግራሙን የጫኑት የውጭ አገር ሰዎች ከሄዱ ብዙ ዓመት ሆነ። ዲስኩ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም።»

«ቅጂ የለውም?»

«ቅጂ ማድረግ ጀምሮ ቢበላሽስ ማን ይጠየቃል?»

ሳቅሁ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። በሦስተኛው ሳምንት፥ ሰኞ ማለዳ፥ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ። ፋብሪካው አራት ቀን ቆመ። የቀን ሠራተኞች ጧት እየመጡ፥ ከበሩ ላይ ተቀምጠው እየዋሉ፥ ማታ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በአራተኛው ቀን ከከተማ የመጣ አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ተመሳሳይ ክፍል ፈልጎ አገኘና አስነሣው። ጋሼ ጨርቁን መልሰው አለበሱት። ቅጂ ግን አሁንም አልተደረገም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም።

ምናባዊ መኪና

የሚሻለው መንገድ አዲስ ፈጠራ አይደለም። አባቶቻችን የጽሕፈት መኪና፥ የስፌት መኪና ሲሉ መሣሪያን ሁሉ መኪና እንዳሉት፥ እኛም ቨርቹዋል ማሽን የተባለውን ምናባዊ መኪና ብለን እንጥራው። ይህ መኪና ብረት የለውም። በአንድ ብርቱ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። በውስጡ የሚቀመጠው ፕሮግራም ግን ይህን አያውቅም፤ የራሱ ዲስክ፥ የራሱ ማስታወሻ፥ የራሱ መስመር ያለው ይመስለዋል።

በአንድ ብረት ላይ አምስትም አሥርም ምናባዊ መኪናዎች ይኖራሉ። በመካከላቸው ሆኖ ድርሻ የሚሰፍር ሃይፐርቫይዘር የሚባል ፕሮግራም አለ። ይህ በገዳም እንዳለ መጋቢ ነው። መጋቢው ለእያንዳንዱ መነኩሴ ዳቤውን ይሰጣል፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይወስድ፥ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዳይታወክ ይጠብቃል።

ሐሳቡን በመጀመሪያ ያወጡት በአሜሪካ አገር፥ በካምብሪጅ ከተማ የነበሩ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሊቃውንት ናቸው። ጊዜውም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር እጅግ ውድ ስለ ነበረ አንዱን ለብዙ ሰው ማካፈል ግድ ሆነ። በኋላ ኮምፒዩተር ሲረክስ ነገሩ ተረሳ። በ1998 እ.ኤ.አ. ቪ.ኤም.ዌር የተባለ ኩባንያ በካሊፎርኒያ ተቋቁሞ በተራ ኮምፒዩተሮች ላይ መልሶ አመጣው። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬ.ቪ.ኤም. የተባለው ሃይፐርቫይዘር ሊኑክስ ከተባለው ነጻ ሥርዓት ጋር ተዋሐደ፤ ስለዚህ ዕውቀቱ ያለው ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል።

ለፋብሪካ የሚሰጠው ጥቅም በሦስት ይከፈላል።

አንደኛ፥ ያ በጨርቅ የተሸፈነው ኮምፒዩተር እንዳለ፥ ከነፕሮግራሙና ከነመዝገቡ፥ ወደ አንድ ፋይል ይለወጣል። ብረቱ ቢሞት ፋይሉ በሌላ ብረት ላይ ይነሣል። አራት ቀን የፈጀው ሥራ የደቂቃዎች ወይም የሰዓት ሥራ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ አንድ ነገር ከመለወጡ በፊት የመኪናው የዚያች ቅጽበት መልክ ይቀመጣል። ለውጡ ከተበላሸ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። የጋሼ ፍርሃት፥ «ጀምሮ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል» ያሉት፥ መልስ ያገኛል።

ሦስተኛ፥ ሁለት ብርቱ ኮምፒዩተሮች ካሉ ምናባዊው መኪና ሥራውን ሳያቋርጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ሴባስቶፖልን ለማዛወር አምስት ወርና የሠራዊት ጉልበት አስፈልጎ ነበር፤ ይህን ለማዛወር ግን አንድ ሠራተኛ ከወንበሩ አይነሣም።

የሚያስፈራውስ?

ይሁን እንጂ ጥቅሙን ብቻ አውርቶ ጉዳቱን መሸሸግ አንባቢን ማታለል ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፥ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አሥር ኮምፒዩተር ለየብቻው ሲኖር አንዱ ቢሞት ዘጠኙ ይቀራሉ። አሥሩ በአንድ ብረት ላይ ከተሰበሰቡ በኋላ ግን ያ ብረት ቢሞት አሥሩም ይሞታሉ። ስለዚህ ብረቱ ሁለት ካልሆነ፥ መብራት ሲጠፋም የሚደግፍ ባትሪ ከሌለው፥ ሥራውን ባይጀምሩት ይሻላል። ቅጂውም ከዚያው ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ቅጂ አይባልም፤ ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላልና።

ደግሞም ሁሉ ነገር ወደ ምናባዊ መኪና አይገባም። መጋቢው ለሁሉም ተራ በተራ ስለሚሰፍር አንዳንድ ጊዜ የቅጽበት መዘግየት ይኖራል። ሥዕል ለሚያሳይ ፕሮግራም ይህ ምንም አይደለም፤ በሴኮንድ ሺህኛ ክፍል ለምትሠራው ፒ.ኤል.ሲ.ና የሰውን ሕይወት ለሚጠብቀው የአደጋ መከላከያ ግን ብርቱ ነገር ነው። ስለዚህ እነዚህ በየራሳቸው ብረት ላይ መቆየት ይገባቸዋል። ከኮምፒዩተሩ ጀርባ የምትሰካ የፈቃድ ቁልፍ ያላቸው አሮጌ ፕሮግራሞችም ቁልፏ በትክክል ካልተላለፈችላቸው አይነሡም፤ ይህን አስቀድሞ መፈተን ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው የጠላት ነገር ነው። አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ብረት ላይ ስለ ተቀመጠ ድካሙ አልተወገደለትም። በ2010 እ.ኤ.አ. ስታክስኔት የተባለው የኮምፒዩተር ተባይ በኢራን የናታንዝ ተቋም ገብቶ መሣሪያዎችን ማበላሸቱ ታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዩክሬን የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ክፍሎች ውስጥ ባዕድ እጅ ገብቶ ወደ 225,000 ለሚጠጉ ደንበኞች መብራት አጠፋ። ያዳናቸው ወደየጣቢያው ሄደው በእጃቸው ማብሪያውን የመለሱት ሠራተኞች ናቸው። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወንበዴዎች ራሱን መጋቢውን፥ ማለት ሃይፐርቫይዘሩን፥ መትተው በብዙ አገር በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ቆለፉ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባላል። የፋብሪካ መስመር ከኢንተርኔት ካልተለየ፥ መጋቢውም ወቅቱን ጠብቆ ካልታደሰ፥ አያያዛችን ይታያል።

የገበያውም ነገር አለ። ቪ.ኤም.ዌርን በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ብሮድኮም የተባለ ኩባንያ ገዝቶ፥ አንዴ ከፍለው ለዘለዓለም የሚይዙትን ፈቃድ መሸጥ አቆመና በየጊዜው የሚከፈል ኪራይ አደረገው። የውጭ ምንዛሬ ለሚቸግረው አገር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። በሰው ቤት መኖር ቢመችም ኪራዩን የሚቆርጠው ባለቤቱ ነው። ነጻውን መንገድ የሚያውቁ የራሳችን ልጆች ቢኖሩን ይሻላል።

የጉና ውኃ ወዴት ይሄዳል?

«ይህ ሁሉ ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ምን ይረባል? የፋብሪካ ጭስ የማይታይበት አገር አይደለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም።

ወደ ጉና ተራራ ይመልከት። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጋይንትንም እስቴንም ቁልቁል ያያል። ከእርሱ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ። በስተ ደቡብ በኩል የታች ጋይንትና የስማዳ ቆላ ውኃ ወደ በሽሎ ይወርዳል፤ በሽሎም ከዓባይ ይቀላቀላል። የጣና ውኃ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጢስ ዓባይን የመጀመሪያ ማመንጫ አዞረ፤ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በዚያው ዘመን የተነሣ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ጣና በለስም የሚጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ደግሞ በበሽሎ በኩል የወረደውን የስማዳን ውኃ ይቀበላል።

ስለዚህ የእነዚህ ወረዳዎች ገበሬ፥ በበጋ በእርከን ሥራ ላይ የሚውለው፥ አፈሩን ሲያድን የተርባይኑን ውኃ ያድናል። ውኃው በስንት በር እንደሚያልፍ፥ ኃይሉ ወዴት እንደሚላክ፥ መስመር ሲቋረጥ የትኛው ቀድሞ እንደሚመለስ የሚታየው ግን በመቆጣጠሪያ ክፍሎች ባሉ ፕሮግራሞች መስኮት ነው። መስኮቱ ሲጨልም ንፋስ መውጫም መካነ ኢየሱስም ወገዳም አብረው ይጨልማሉ። ውኃውን የሚሰጠው ሰው ስለ መስኮቱ የመጠየቅ መብት አለው።

የጦርነቱንም ትምህርት አንርሳ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደርሶ ከተማይቱ ብዙ መከራ አየች፤ ሐኪም ቤቷም ተዘረፈ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ በኮምቦልቻ የፋብሪካዎች ንብረት ተዘርፎና ተሰባብሮ ቀረ። የሰው ሕይወት አይተካም፤ ብረትም ቢሆን በገንዘብ እንጂ በሌላ አይተካም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የነበረው ዕውቀት ግን፥ የመሣሪያው ልክ፥ የጥገናው ታሪክ፥ የዓመታት መዝገብ፥ ቅጂው በሌላ ከተማ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ከዘራፊ እጅ ያመልጥ ነበር። ለሦስት ሰዎች ደመወዝ የማይበቃ ወጪ የዓመታትን ድካም ያድናል።

ፋብሪካ በሌለበት ፋብሪካን መማር

በመጨረሻ፥ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያጓጓኝ ነገር ይህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋትን ሲያቋቁሙ ዓላማቸው መድፍ ብቻ አልነበረም፤ የአገራቸው ልጆች ጥበቡን እንዲማሩ ይፈልጉ ነበር። ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋፋት ተብሎ መጠራቱ ያንን ምኞት ያስታውሰናል።

ቀድሞ የፋብሪካ ቁጥጥር የሚማር ተማሪ ፋብሪካ ያስፈልገው ነበር። አሁን ግን በአንድ ምናባዊ መኪና ውስጥ የቦይለሩ ምሳሌ፥ በሌላው ፒ.ኤል.ሲ.ን የሚተካ ነጻ ፕሮግራም፥ በሦስተኛው የተቆጣጣሪው መስኮት ተቀምጠው፥ ሦስቱም በአንድ ላፕቶፕ ላይ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ተማሪው ቦይለሩን ቢያፈነዳው የሚጎዳ ሰው የለም፤ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ይጀምራል። ከስማዳ የመጣ ልጅ፥ ፋብሪካ በዓይኑ ሳያይ ያደገ፥ መቶ ጊዜ ተሳስቶ መቶ ጊዜ ታርሞ ወደ እውነተኛው የመቆጣጠሪያ ክፍል ሊገባ ይችላል። እውነተኛውን ብረት መዳሰስና ማሽተት በእርግጥ የግድ ነው፤ ቢሆንም ከዜሮ ከመጀመር ይህ እጅግ ይሻላል።

የቤተልሔም መምህራን አንድ ሥርዓት አላቸው። ተማሪው «ድጓውን ይዣለሁ» ስላለ አያምኑትም፤ ከፊታቸው ቀርቦ ሲያስመሰክር ብቻ ያምኑታል። ለፋብሪካም ቅጂ የሚገባው ይኸው ነው። ቅጂ አለን ማለት ብቻ አይበቃም፤ በየጊዜው በሌላ ብረት ላይ አንሥቶ መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል። ያልተመሰከረለት ቅጂ ባዶ ብራና ነው።

የፋብሪካና የማመንጫ ኃላፊዎች ሁሉ ነገ ጧት ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ ውድ አይደለም። የትኛው ኮምፒዩተር በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ይቁጠሩ፤ ዲስኩና የፈቃድ ቁልፉ የት እንዳለ በወረቀት ይጻፉ፤ አንዱን ብቻ፥ ጉዳቱ ትንሽ የሆነውን፥ ወደ ምናባዊ መኪና ቀድተው ከፋብሪካው መስመር ውጭ ይፈትኑት። ሠራተኛውም መስኮቱ ሲጨልም በእጁ እንዴት እንደሚሠራ አይርሳ።

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ጋሼን በስልክ ጠየቅኋቸው። ኮምፒዩተሩ አሁንም አለ፤ ጨርቁ ግን ተለውጧል አሉኝ። «መጥተህ ያልከውን ቅጂ ታደርግልኛለህ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ሥራ አስኪያጁን እኔ አስፈቅዳለሁ፤ ጡረታ ሳልወጣ ቶሎ ና» አሉ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ይላል ያገሬ ሰው። እሄዳለሁ።